የቤት ዕቃ ፈትቶ የማጓጓዝ አገልግሎት፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት

ቤት ስንቀይር ዕቃችንን ያሰናዳልን በደብረ ብርሃን የሚሠራ አነስተኛ የአናጺዎችና የጫኞች ቡድን ሲሆን፣ ሥራው በአመዛኙ የሚመሰገን ነው። መንገዱ ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ በጣርማበር ዋሻና በደብረ ሲና ጠመዝማዛ ቁልቁለት በኩል ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ስለሚወርድ፣ በደንብ ያልታሰረ ዕቃ ሁሉ ወደ ፊት ይንሸራተታል።

ባለሙያዎቹ የቺፑድ ቁም ሣጥኑን እንዳለ ለመጫን አልተስማሙም፤ ቺፑድ በጉዞ ሲናጥ የብሎኑ ቀዳዳ ስለሚሰፋ ዳግመኛ አጥብቆ አይይዝምና። በሮቹን አውልቀው፣ ጎንና ጀርባውን ፈትተው፣ የእያንዳንዱን ክፍል ብሎን በፌስታል ቋጥረው በዚያው ክፍል ላይ በፕላስተር ለጠፉት። የብፌውን መስታወት በብርድ ልብስ ጠቅልለው (ብርድ ልብስ በዚህች ከተማ መቼም አይታጣም) በቁመቱ አቆሙት። ማቀዝቀዣውም በረዶው ቀልጦ ከደረቀ በኋላ ቀጥ ብሎ ተጫነ፤ ሲደርስም የመጭመቂያው (የኮምፕረሰሩ) ዘይት እስኪረጋ ድረስ ለሰዓታት ሳይሰካ እንዲቆይ አሳሰቡን።

ቅር ያሰኘኝ የሶፋው አጠቃለል ነው፦ የደጋ እርጥበት የያዘውን ጨርቅ በላስቲክ ግጥም አድርገው ስለሸፈኑት፣ ቆላ ወርዶ ሲፈታ የሻጋታ ሽታ አምጥቷል። የመፍቻና የመገጣጠሚያ ዋጋ ከመኪናው ኪራይ ተለይቶ ስለሚታሰብም፣ ሁለቱን አስቀድሞ በጽሑፍ መዋዋል ይሻላል።