ለሽንኩርት ቀለበት ጥብስ፦ ቀጭን ሊጥ ወይስ የዳቦ ፍርፋሪ?

ከሽንኩርት ክብደት 90 በመቶ የሚጠጋው ውሃ በመሆኑ፣ በሚጠበስበት ጊዜ የሚወጣው እንፋሎት መውጫ ካላገኘ ሽፋኑ ከውስጥ ርሶ ይልፈሰፈሳል፤ የሁለቱ አሠራሮች ልዩነትም ከዚሁ ይመነጫል።

ቀጭኑ ሊጥ የሚዘጋጀው ከስንዴ ዱቄት፣ ከጥቂት የበቆሎ ስታርችና በጣም ከቀዘቀዘ ጋዝ ያለው ውሃ ነው። ቀለበቱ 180 ዲግሪ ሴልሺየስ የደረሰ ዘይት ውስጥ ሲገባ በሊጡ ውስጥ ያሉት አረፋዎች ይሰፋሉ፣ ሽፋኑም ሳስቶና ተነፍቶ ሲነከስ ይንኮሻኮሻል። ይሁን እንጂ ሊጡን አብዝቶ ማማሰል ግሉተኑን (በስንዴ ዱቄት ውስጥ ያለውን ሊጥን የሚያለጥጥ ፕሮቲን) ስለሚያጠነክረው፣ ጥቃቅን የዱቄት ጓጎላዎች እየታዩም ቢሆን ማቆም ይገባል። በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጠኛ ገጽ ላይ የተለጠፈውን ስስ ገለፈት በጥፍር ልጦ ማውጣትና ቀለበቱን በደረቅ ዱቄት መለወስም ሊጡ እንዳይንሸራተት ይረዳል፤ ይህን ድካም ፈጽሞ አይዝለሉት።

በዳቦ ፍርፋሪ የሚሠራው በዱቄት፣ በተመታ እንቁላል፣ ከዚያም በደረቅ ፍርፋሪ የሚሸፈን ሲሆን፣ ሻካራና ወፈር ያለ ነው። ሥራው ቢበዛም ጥርት ያለ ድርቀቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል፤ ዘይት መቀነስ ለሚፈልግም በምድጃ ውስጥ ሊጋገር ይችላል፣ ቀጭኑ ሊጥ ግን በምድጃ ፈስሶ ይበላሻል።

ከድስቱ እንደወጣ ለሚበላ እኔ ያለማመንታት ሊጡን እመርጣለሁ፤ ገበታው እስኪቀርብ የሚቆይ ከሆነ ግን ፍርፋሪው ይሻላል። ሁለቱንም በወረቀት ላይ ከመከመር ይልቅ በሽቦ መደርደሪያ ላይ አራርቆ ማንጠፍጠፍ ያስፈልጋል።