የመቻልን ድድ ገልጣ ላየችው ሐኪም

ውሻችን መቻል ይባላል። ስሙን ያወጣችለት እናቴ ናት፤ ቡችላ ሳለ ከበራችን ሥር ተጥሎ የሐምሌን ዝናብ ሦስት ቀን ስለቻለ ነው። ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ እኛም ስሙን አምነን፣ ከገበታ የተረፈውን ሁሉ ስናበላው ኖርን። ይህን የምጽፈው መቻልን ከሞት ያተረፈችልንን የእንስሳት ሐኪም ለማመስገንና ውሻ ላላችሁ ሁሉ ለመጠቆም ነው።

እናቴ የዶሮ ወጥ ስትሠራ ሽንኩርት አትቆጥብም። ለአንድ ዶሮ ሦስት ኪሎ ከትፋ፣ ሽንኩርትነቱ እስኪጠፋ ድረስ ታቁላላዋለች። ባለፈው ፋሲካ ሥጋው ቶሎ አለቀና ከድስቱ ሥር የቀረው ወጥ ከደረቀ እንጀራ ጋር እየተፈተፈተ ለሦስት ቀናት የመቻል ምሳና እራት ሆነ። ሳህኑን ልሶ ያጥብ ነበር። በአምስተኛው ቀን ግን ከተኛበት አልነሳም አለ። በር ሲንኳኳ አልጮኸም። ሽንቱ የጠቆረ ሻይ መሰለ።

ጎረቤታችን «መርዝ አብልተውት ነው» ብለው አንድ ኩባያ ወተት ይዘው መጡ፤ አልነካውም። መጀመሪያ የወሰድኩበት ቦታ ስሙ ይቅር። ባለሙያው ውሻውን በቅጡ ሳይዳስስ «ብርድ ነው» አለ፣ አንድ መርፌ ወጋው፣ ሒሳቡን ተቀበለ። ምን እንደበላ የጠየቀን የለም።

በማግስቱ አንድ ወዳጄ ወደዚህች ሐኪም መራኝ። ወጣት ናት። ክሊኒኳ ጠባብ ነው፤ አንድ የምርመራ ጠረጴዛ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ ለባለ ውሾች አንድ አግዳሚ ወንበር። የመቻልን ከንፈር ገልጣ ድዱን አየች። ሮዝ መሆን የነበረበት ድድ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ቀና ብላ «በዓሉን ምን በላ?» አለችኝ። ነገርኳት። «ከበዓሉ በፊትስ?» አለች። ከበዓሉ በፊትማ እንደ እኛው ጾመኛ ነበር፤ 55 ቀን ሽሮ በእንጀራ። ወጡ ሽንኩርት አለው፣ ዱቄቱና በርበሬው ደግሞ ነጭ ሽንኩርት። ይህን ስቆጥርላት ራሷን ነቀነቀች።

ደም ወስዳ በማይክሮስኮፕ ካየች በኋላ እኔንም ጠርታ አሳየችኝ። አንዳንዶቹ ቀይ የደም ሴሎች ጠርዛቸው ላይ ትንሽ ጉብታ አብቅለዋል። በሽንኩርት ውስጥ ያለው ድኝ አዘል ውህድ የውሻን ቀይ የደም ሴል እንደሚያቆስል፣ የቆሰለውንም ሰውነቱ ራሱ እያፈረሰ እንደሚያስወግደው አስረዳችኝ። ጉዳቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ሰው ከሽንኩርቱ ጋር አያገናኘውም። ጥሬው፣ የበሰለው፣ ዱቄቱ ያው ነው፤ ነጭ ሽንኩርት እንዲያውም በአነስተኛ መጠን ይጎዳል። በአንድ ኪሎ የውሻ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ይበቃል፤ በትንሽ በትንሹ ሲደጋገምም ይጠራቀማል። መቻል 14 ኪሎ ነው። በትንሹ በ15 ሲባዛ 210 ግራም ይመጣል፤ ከእናቴ ድስት ቢጨለፍ ሁለት ጭልፋ መሙላቱን እጠራጠራለሁ።

ማርከሻ የሚባል መድኃኒት የለውም። በደም ሥሩ ፈሳሽ ሰጠችው፣ ሁለት ቀን አስተኛችው፣ ደሙን በየቀኑ ለካችው። ክፍያውን ሥራ ከመጀመሯ በፊት ነገረችኝ። «ደሙ ከዚህ በታች ከወረደ ደም የሚሰጥ ጤነኛ ውሻ ትፈልጋላችሁ፤ ከአሁኑ አስቡበት» ያለችኝንም አልረሳውም፤ የሚያስፈራውን ነገር ሳትደብቅ፣ ሳታጋንንም ነገረችኝ። ማታ ማታ ራሷ እየደወለች ሁኔታውን አሳወቀችን። ደሙ ወደ ቦታው ለመመለስ ሁለት ሳምንት ያህል ፈጀበት።

ለክትትል ስንሄድ እናቴም አብራኝ ሄደች፤ እንደ ተከሳሽ ተኮሳትራ። «ልጄ፣ አጥንት የማይበላ ውሻ ምኑን ውሻ ሆነ?» ብላ ጀመረቻት። ሐኪሟ አልሳቀችባትም። «እማማ፣ የበሰለ የዶሮ አጥንት እንደ ስንጥር እየተሰነጠቀ ጉሮሮና አንጀት ይበሳል» አለቻት። እናቴ «እሺ፣ የታረደ በግ ሳንባና ጉበትስ?» ስትል ግን ሐኪሟ የያዘችውን ብዕር አስቀመጠች። ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ውስጥ ከኮሶ ትል ወገን የሆነ ትል እጭ አለ። ጥሬውን የበላ ውሻ ሆድ ውስጥ ትሉ ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣና በእጅ፣ በውሃ፣ ባልታጠበ አትክልት ወደ ሰው ይገባል። በሰው ጉበትና ሳንባ ላይም ያንኑ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። ስለዚህ ይቃጠላል፣ አለዚያም ውሻ በማይቆፍረው ጉድጓድ ይቀበራል። እናቴ ስንት በዓል ስንት ሳንባ ወደ ደጅ እንደወረወረች ሳታስብ አልቀረችም፤ ዝም አለች።

«ታዲያ ምን ይብላ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያለ ጨውና ያለ ዘይት የተቀቀለ ሩዝ፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ስኳር ድንች፣ እንቁላል፣ አጥንት የሌለው ሥጋ። ከፍራፍሬ ሙዝ፣ ዘሩ የወጣለት ፓፓያ፣ ልጣጩና ፍሬው የተነሣለት ማንጎ፣ ሐብሐብ ያለ ልጣጭና ያለ ዘር፣ ፖምም መሐሉ ወጥቶ። ሆኖም ፍራፍሬ ስኳር ነውና ከዋና ምግቡ ውጭ የሚሰጠው ሁሉ ተደምሮ ከዕለት ቀለቡ አንድ አሥረኛ አይለፍ ብላናለች። ወይንና ዘቢብ ኩላሊት ስለሚጎዱ አንዲት ፍሬም አይሞከርም። ቸኮሌት አይሰጥም። የቡና አተላም አደገኛ ነው፤ እናቴ አትክልቱ ሥር መድፋቷን ያቆመችው ለዚህ ነው። ስኳር የለሽ ማስቲካ ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶል የውሻን የደም ስኳር በደቂቃዎች ውስጥ ሊጥለው ይችላል። ያልተጋገረ ሊጥ ሆድ ውስጥ ኩፍ ይላል፣ አልኮልም ያመነጫል። አቮካዶ ቅባቱ ስለሚበዛና ፍሬው አንጀት ስለሚዘጋ ቢቀር ይሻላል። ወተቱን ጠየቅኋት፤ መርዝ አያረክስም፣ ብዙ ውሾችን ጭራሽ ያስቀምጣቸዋል።

አሁን ቤታችን ዱባ በየሳምንቱ ይቀቀላል፤ እኛ ግን አይደርሰንም።

እንከን ካልጠቀስኩ ጥቆማዬን አትመኑ፦ ቀጠሮ አትይዝም፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ እሑድም ዝግ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሄዳችሁ ሁለት ሰዓት መጠበቃችሁ አይቀርም። አድራሻዋን በአደባባይ አላሰፈርኩም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ ውሻችሁ ባለፉት አምስት ስድስት ቀናት የበላውን ሁሉ በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።