ዘይት መቀነስ ወይስ አትክልት ማብዛት?

ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ «ምን ልብላ?» የማትል ሴት የለችም። አሜሪካ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ሁለቱን መንገዶች ለየብቻ ሞክረዋቸዋል።

ቅባት መቀነስ፦ 2,437 ሴቶች፤ ውጤቱ የወጣው በ2006 እ.ኤ.አ.። ከ5 ዓመት ገደማ በኋላ ካንሰሩ ቅባት ከቀነሱት 9.8 በመቶዎቹ፣ ካልቀነሱት 12.4 በመቶዎቹ ላይ ተመለሰ። ግን ቅባት የቀነሱት ኪሎም ቀንሰዋል። የጠቀመው የቱ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

አትክልት ማብዛት፦ 3,088 ሴቶች፣ 2007 እ.ኤ.አ.። በየቀኑ አትክልት፣ የአትክልት ጭማቂ፣ ፍራፍሬ። ከ7 ዓመት ገደማ በኋላ ካንሰሩ አትክልት ካበዙት 16.7 በመቶዎቹ፣ ካላበዙት 16.9 በመቶዎቹ ላይ ተመለሰ። ያው ነው! ሴቶቹ ግን ድሮም አትክልት በደንብ ይበሉ ነበር።

ወጪ፦ ዘይት መቀነስ ብር ያድናል። ጭማቂው ኪስ ይጎዳል፣ ጊዜም ይበላል።

ችግር፦ የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል ይመስለናል። ዘይት የተንሳፈፈበት ሽሮስ?

ከሕክምናው በኋላ ኪሎ ለጨመረች ዘይት መቀነሱ ይሻላል። ጎመንና ካሮት በሳምንት አንዴ ለምታይ፣ ሆድ ድርቀትም ለሚያስቸግራት፣ አትክልቱ። ኬሞ ላይ ሆና ምግብ አልወርድ ላላት ደግሞ ሁለቱም ይቆዩ፤ የሚገባላትን ትብላ፣ ሐኪሟንም ታማክር።