«ያለ ዳታ ቲቪ ያሳያል» የሚባለውን ስልክ እንዳትገዙ፣ በተለይ ጎንደር ያላችሁ

ጎንደር ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ ይቺን አንብቡና ለሌላም ሰው ላኩ። አራዳ አካባቢ ካሉት ሞባይል ቤቶች ባንዱ «ብሮድካስት ያለው ስልክ» እያሉ የሚሸጡት ነገር አለ፣ ውሸት ነው። 18 ሺህ ብሬን በሉኝ፣ ይሄን ስጽፍ ራሱ ንዴቱ አልበረደልኝም።

ልጆቹን ታውቋቸዋላችሁ፣ በር ላይ ቆመው «ግቢ እህቴ፣ ማየት በነፃ ነው» የሚሉት፣ ገብተሽ ወንበር እስኪሰጡሽ ድረስ ከነሱ የተሻለ ሰው የለም። ስልኩን የፈለግኩት ለእናቴ ነው። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ መውረድ አልቻለችም፣ በስልክ ነው የምታየው፣ እሱም ወይ ፓኬጁ መሀል ላይ ያልቃል ወይ ህዝቡ ሲበዛ ኔትወርኩ ቀጥ ይላል። ይሄንኑ ለአንዱ ልጅ ነገርኩት፣ በዚሁ ያዘኝ። «ይሄማ ዳታ አይነካም፣ ያ ድሮ አንቴናውን መዘው ቲቪ የሚያዩበት የቻይና ስልክ ትዝ ይልሻል? እንደሱ ነው፣ ግን በፎርጂ፣ የፈለገ ሰው ቢሰበሰብ አይጨናነቅም» አለኝ። ከፍቶም አሳየኝ፣ ምስሉ ጥርት ብሎ ይሄዳል፣ ከላይ ጥግ ላይ አረንጓዴ ነጥብ አለች፣ አጠገቧ «ሴሽን አክቲቭ» ይላል፣ ስርጭቱ አሁን እየሄደ ነው እንደማለት። «ይቺ አረንጓዴ እስካለች ድረስ በነፃ ነው የምታየው» አለኝ በጣቱ መታ መታ እያደረገ።

እናቴ ቅዳሴ ስታይበት ዋለች፣ ማታ ወንድሜ ጋ ልትደውል ስትል ሂሳብ የለም። በ*804# አየሁት፣ ባዶ ነው፣ ጠዋት የሞላሁላት ካርድ እንዳለ ሄዷል። አረንጓዴዋ ግን እንዳለች ናት።

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርስቲ ኤሌክትሪካል ነው የሚማረው፣ ያየው እሱ ነው። በጣም ያናደደኝ ደግሞ ነገሩ ከነጭራሹ የሌለ ነገር አለመሆኑ ነው፣ ልጁ እውነቱን ወስዶ ነው ውሸቱን የሸጠልኝ። ኢኤምቢኤምኤስ (eMBMS) የሚባል በፎርጂ ኔትወርክ ብሮድካስት ማድረጊያ ቴክኖሎጂ አለ፣ ኮሪያ ውስጥ በ2014 እኤአ ለህዝብ ተከፍቷል። እኛ ተራ ላይቭ ስናይ አንድ ሺህ ሰው አንድ ቅዳሴ ቢያይ ኔትወርኩ ያንኑ ምስል ሺህ ጊዜ ለየብቻ ነው የሚልከው፣ ለዛ ነው ጥምቀት ላይ የሚሞተው። በብሮድካስት ግን የኔትወርኩ ማማ አንዴ ይለቃል፣ ስርጭቱ የሚደርስበት ቦታ ያለ ለዚህ የተሰራ ስልክ ሁሉ ያንኑ ይቀበላል፣ ሰው በዛ አነሰ ለውጥ የለውም። ግን ለዚህ መጀመሪያ ኔትወርኩ ራሱ ስርጭቱን መክፈት አለበት፣ የስልኩ ሞደም (ኔትወርክ የሚይዘው ክፍል) እና ሶፍትዌሩም ለዛ የተሰራ መሆን አለበት። ሴሽኑ መቼ እንደሚጀምርና እንደሚያልቅ የሚነገረው ከኔትወርኩ ነው፣ ስልኩ ያንን እየተከታተለ ነው «አለ» ወይ «አበቃ» የሚለው፣ ስርጭቱ ከሚደርስበት ቦታ ከወጣሽ ደግሞ ወይ ይቋረጣል ወይ ወደ ተራ ዳታ ይዞራል፣ ያኔ ሂሳብ መብላት ይጀምራል። ስለዚህ «አክቲቭ» የሚለውን አንድ አፕ ከኪሱ አውጥቶ የሚለጥፈው ነገር አይደለም።

በማግስቱ ሲሙን አውጥቼ ይዤው ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ ስልኩ ራሱ የሱቁን ዋይፋይ ያዘ፣ ለካ ፓስዎርዱን ውስጡ አስቀምጠውታል! ያው ልጅ ነው ያለው፣ ለአንድ ሰው ግላስ ፕሮቴክተር እየለጠፈ ነው። ስልኩን መስታወቱ ላይ አስቀምጬ ቲቪውን ከፈትኩና «በል ዋይፋዩን አጥፋና አሳየኝ» አልኩት። አልሰማም። አረፋውን በካርድ እየገፋ ቀና ብሎም አላየኝም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ስደግመው እየተነፈሰ መጣና ከላይ ወደታች ስቦ ዋይፋዩን አጠፋው። ምስሉ ትንሽ ሄደ፣ ቄሱ እጃቸውን እንዳነሱ ቀጥ አለ፣ መሀል ላይ ክቧ መዞር ጀመረች። ነጥቧ አረንጓዴ ናት። «ሴሽን አክቲቭ» ይላል። ሲም የለው፣ ዋይፋይ የለው! «ይሄ አክቲቭ የሚለው ከየት አምጥቶ ነው?» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝና ወደ ጓደኛው ዞሮ «ማዘር ኢንጂነር ሆና መጣች» አለው፣ ሁለቱም ሳቁ። ከዛ ዋይፋዩን መልሶ አበራና፣ ምስሉ ሲንቀሳቀስ ስልኩን በጣቱ ወደኔ ገፋ አድርጎ «ይኸው ይሰራል» ብሎኝ ወደ ፕሮቴክተሩ ተመለሰ።

ስገዛ «እህቴ» ነበርኩ፣ ስመልስ «ማዘር»። ብሩን ሲቆጥር ሁለቴ ያመሰገነኝ ልጅ እኮ ነው። ገንዘቤን መልስ ስለው እጁ ወደ ግድግዳው፣ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚለው ወረቀት ላይ። ፕሮቴክተር የሚያስለጥፈው ሰውዬ እንኳ አፍሮ አንገቱን ደፋ፣ እነሱ ግን ቅንጣት አላፈሩም። አሮጊት እናት ቅዳሴ እንድታይበት ነው የገዛሁት ብዬ ነግሬው፣ ያንኑ መልሶ መሸጫ አደረገው፣ እሱ ነው የማይወጣልኝ።

እንዲህ አይነት ስልክ የሚያሳያችሁ ካለ የሱቁን ዋይፋይ አስጠፉ፣ የራሳችሁን ሲም ክተቱ፣ ሂሳባችሁን በፊትም በኋላም እዩ፣ ሲሙን የሰጣችሁን ድርጅትም አገልግሎቱ እዚህ ተከፍቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ሰኞ ንግድ ጽህፈት ቤት ልከስ ነው፣ አዋጅ 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ከዚህ ሱቅ ይሄንኑ ስልክ የገዛችሁ ካላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ አብረን እንሂድ።