ለፌዴራል ተከላካይ ጠበቃችን ምስጋና

እግዚአብሔር ይስጥልን! እዚህ አሜሪካ የታሰረውን የዘመዳችንን የጦር መሣሪያ ቅጣት ላሻረችልን የፌዴራል ተከላካይ ጠበቃ ምስጋናችን ወሰን የለውም። አንድ ሳንቲም አላስከፈለችንም።

ከእሷ በፊት በውድ የተያዘው ጠበቃ፣ ስሙን እንተወውና፣ የ2255 አቤቱታውን፣ ማለትም በፌዴራል ፍርድ ቤት የተፈረደበት እስረኛ ፍርዱ እንዲሻርለት የሚያቀርበውን ማመልከቻ፣ «ሽጉጡ የእሱ አይደለም» እያለ አባከነው። ይህ በችሎት ተነስቶ ያለቀ ክርክር ነው። ከገንዘቡ ይልቅ የሚቆጨው፣ ያለ ፈቃድ የሚገባው የመጀመሪያው አቤቱታ ብቻ መሆኑ ነው። ለሁለተኛው የይግባኝ ፍርድ ቤቱን ፈቃድ መለመን ግድ ይላል።

እሷ ምንም ሳትናገር የክስ ወረቀቱንና ፍርዱን ጠየቀች። አነበበችና አንዲት ቃል በእርሳስ ከበበች፦ «ማሴር»። ጉዳዩ ያለው እዚያ ነበር። 924(ሲ) የሚባለው ሕግ በኃይል ወንጀል ወይም በዕፅ ንግድ መሣሪያ የያዘን ሰው ቢያንስ 5 ዓመት፣ ከደገነ 7፣ ከተኮሰ 10 ይቀጣል፤ ያውም በሌላው ቅጣት ላይ ተደርቦ። «የኃይል ወንጀል» ደግሞ ሁለት ትርጉም ነበረው። አንደኛው ወንጀሉ ራሱ ጉልበት መጠቀምን፣ መሞከርን ወይም በጉልበት ማስፈራራትን ሲጠይቅ ነው። ሁለተኛው «በባሕርዩ ለኃይል ድርጊት የሚያጋልጥ» የሚል፣ ማንንም ሊይዝ የሚችል ድፍን ሐረግ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህንን እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 2019 በዴቪስ መዝገብ፣ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው። ለመዝረፍ ማሴር ስምምነት እንጂ ጉልበት አይጠይቅም፤ ስለዚህ የመሣሪያው ክስ የሚቆምበት አጣ። በ2022 ደግሞ የቴይለር ውሳኔ ሆብስ አክት በተባለው የፌዴራል የዘረፋ ሕግ የሚከሰሰውን የዘረፋ ሙከራ ከ«ኃይል ወንጀል» አስወጣ።

የተፈጸመ ዘረፋና የዕፅ ንግድ ግን በዚህ አይነኩም። «ሁሉም ይፈታል» እያለ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን አትመኑ! አቤቱታው የሚገባበት የአንድ ዓመት ገደብም፣ በእንዲህ ያለ አዲስ ውሳኔ ላይ ከተመሠረተ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ቀን ይቆጠራል እንጂ እናንተ ከሰማችሁበት አይደለም፤ የዴቪስ ጁን 2020 ላይ ተዘግቷል። ፍርዱ የመጨረሻ ከሆነ ገና ዓመት ያልሞላው ሰው ግን ዛሬውኑ ይንቀሳቀስ። ለአቤቱታው የመዝገብ ክፍያ የለም። እስረኛው ራሱ ከላከው ለእስር ቤቱ ፖስታ የሰጠበት ቀን እንደገባበት ቀን ይቆጠርለታል፤ ቀኑን በመሐላ ቃል ይጻፍ።

አንድ ክስ ሲሻር ዳኛው የቀሩትን ቅጣቶች እንደገና ሊያሰላ እንደሚችልም ቁጭ አድርጋ አስረድታናለች፤ ለዚህም ደጋግመን እናመሰግናታለን። ወገኖቻችን፣ ለማንም ከመክፈላችሁ በፊት ፍርዱ በተሰጠበት አካባቢ ላለው የፌዴራል ተከላካይ ቢሮ ደውሉ። የክስ ወረቀቱንና ፍርዱን ይዛችሁ ሂዱ።