ለተጠማዘዘ አንጀት፦ ግትሩ ሲግሞይዶስኮፕና የፊንጢጣ ቱቦ

በአገራችን አዋቂዎች ላይ በብዛት የሚጠማዘዘው የትልቁ አንጀት ክፍል ሲግሞይድ፣ ማለትም ከፊንጢጣ በላይ ያለው ጠመዝማዛ ክፍል ነው። ኮሎኖስኮፕ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያሳይ ረጅም ተጣጣፊ ቱቦ) በሌለበት ሆስፒታል 25 ሳንቲሜትር ያህል የሚረዝመው ግትር ሲግሞይዶስኮፕ (በፊንጢጣ ገብቶ የአንጀቱን ውስጥ የሚያሳይ ቀጥ ያለ ቱቦ) እና ለስላሳው የፊንጢጣ ቱቦ ዛሬም ዋጋቸው ትልቅ ነው።

በመጀመሪያ በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጣል፤ ፖታሲየም ይስተካከላል። ታካሚው በግራ ጎኑ ይተኛል፤ መሣሪያው እየታየ እስከ ጥምዝምዙ ይገባል። ከዚያ ከ28 እስከ 32 ፍሬንች (የቱቦ ውፍረት መለኪያ) የሆነ ቱቦ ጄል በደንብ ተቀብቶ በቀስታ ያልፋል፤ በጉልበት መግፋት አንጀት ይበሳል። ካለፈ ጋዝና ቀጭን ሰገራ በኃይል ይወጣል፤ የተወጠረው ሆድ እዚያው ሲረግብ ይታያል። ባልዲና የፊት መከላከያ ቅርብ ይሁኑ።

ቀጭን ቱቦ አንመክርም፤ ይታጠፋል፣ በሰገራም ይደፈናል። የቱቦው ትልቁ ድክመት ሾልኮ መውጣቱ ነው፤ ጭን ላይ በፕላስተር በደንብ ተይዞ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ይቆይ።

የአንጀቱ ግድግዳ ከጠቆረ፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ከታየ ወይም ሆዱ ሲነካ ከጠነከረ በቱቦ መሞከር አደጋ ነው፤ በቀጥታ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ሆዱ ረገበ ብሎ ታካሚውን ወደ ቤት መሸኘትም ስህተት ነው። ተመልሶ የመጠማዘዝ ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ፣ የሰውነቱ አቅም ከፈቀደለት ሲግሞይዱ በዚያው ቆይታ ተቆርጦ ይውጣ።