የአሥራ አራት ወር ልምድ፦ በ1995 ቢኤምደብሊው ኤም3 ላይ የፍሬን ቱቦዎችን ስለመምረጥና ስለመቀየር

ቨርጂኒያ ውስጥ የምነዳት ቢኤምደብሊው ኤም3 እ.ኤ.አ. የ1995 ሞዴል ስትሆን፣ ባለ 3.0 ሊትር ሞተሯ 240 የፈረስ ጉልበት አለው። ሞተሯ እስካሁን ጤናማ ነው፤ በበረዶ ወቅት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የጎዳው ከሥር ያለውን ብረት ነው። ባለፈው ዓመት በወለሉ ሥር ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን ስፈታ፣ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደው የብረት ቱቦ በዝገት ተቀርፎ የፍሬን ዘይት ማላብ መጀመሩን አየሁ። አንድ ጋራዥ የዛገውን ክፍል ብቻ ቆርጦ፣ ቱቦውን በመጭመቅ በሚይዝ መገጣጠሚያ ሊቀጥልልኝ ሐሳብ አቀረበ። አልተቀበልኩም፤ ፍሬን በኃይል ሲረገጥ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከ100 ባር ሊያልፍ ስለሚችል፣ እንዲህ ያለው መገጣጠሚያ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይታመንም።

በመኪናዋ ወለል ሥር ለተዘረጉት ቋሚ የብረት ቱቦዎች የመረጥኩት 90 በመቶ ያህሉ መዳብ፣ 10 በመቶ ያህሉ ደግሞ ኒኬል የሆነውን ቅይጥ ነው። ተራ ብረት ርካሽ ቢሆንም ተመልሶ ይዝጋል፤ የማይዝግ ብረት ለማጠፍም ሆነ ጫፉን ለማስፋት እጅግ ያስቸግራል፤ ንጹሕ መዳብ ደግሞ ለስላሳ በመሆኑ በንዝረት ብዛት ሊሰነጠቅ ይችላል። ቮልቮ ይህን ቅይጥ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በመኪኖቹ ላይ መጠቀሙ እምነቴን አጠንክሮልኛል። ቱቦው የውጭ ዲያሜትሩ 4.75 ሚሊሜትር ሲሆን፣ አሮጌውን እንደ ናሙና ይዞ በእጅ ማጠፍ ይቻላል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የቱቦው ጫፍ ነው። ይህች መኪና የምትቀበለው ጫፉ እንደ አረፋ ክብ ሆኖ የሚሰፋውን ዓይነት ነው፤ በአሜሪካ መለዋወጫ መደብሮች በብዛት የሚገኘው በ45 ዲግሪ ወደ ውስጥ የታጠፈው ድርብ ጫፍ ነው። ሁለቱ በቅርጽ ስለሚለያዩ፣ የአንዱ ዳዶ በሌላው ቀዳዳ ገብቶ ቢጠብቅ እንኳ ዘይቱን አይዘጋም። አሮጌዎቹን ዳዶዎች ለመፍታት ደግሞ በተራ ቁልፍ ፈንታ ዳዶውን ከአምስት ጎኑ የሚይዘውን 11 ቁጥር የቱቦ ቁልፍ መጠቀም ይገባል፤ ይህ ካልሆነ ጠርዙ ተበልቶ ሥራው በእጥፍ ይጨምራል።

ሥራውን ሆን ብዬ በሁለት ደረጃ ከፈልኩት። መጀመሪያ ቋሚዎቹን ቱቦዎች ቀይሬ፣ ዶት 4 የተባለውን ደረጃ የሚያሟላ አዲስ የፍሬን ዘይት ሞልቼ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው ክፍል (ከማስተር ሲሊንደሩ) ከሚርቀው ከቀኝ የኋላ ጎማ ጀምሬ አየሩን አስወጣሁ፤ ከቋሚዎቹ ጫፍ ወደ ፍሬኖቹ የሚሄዱትን ተጣጣፊ የላስቲክ ቱቦዎች ግን ለስድስት ሳምንታት እንዳሉ ተውኳቸው። ከዚያም በእነሱ ፈንታ ውስጣቸው ቴፍሎን፣ ውጫቸው የማይዝግ የብረት ሽቦ ፈትል የሆኑትን ገጠምኩ። ብዙዎች ፔዳሉን የሚያጠነክረው የሽቦው ፈትል ነው ይላሉ። እኔ ያገኘሁት ለውጥ ግን በአብዛኛው የመጣው ከመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ በአሮጌው ዘይት ውስጥ አየር ቀርቶ ስለነበር፣ እሱ ሲወገድ ፔዳሉ ወዲያውኑ ጠበቀ። ሁለተኛው ደረጃ የጨመረው ጥቂት ነው፤ ጥቅሙ ጎልቶ የታየኝም ስካይላይን ድራይቭ ከተባለው የተራራ መንገድ ወደ ፍሮንት ሮያል ከተማ ስወርድ ፍሬኑን ደጋግሜ በረገጥኩበት ጊዜ ነው።

ተጣጣፊ ቱቦ ለሚገዛ ሰው አጥብቄ የምመክረው፣ የአሜሪካን ፌዴራል ደረጃ ቁጥር 106 ማሟላቱን የሚያሳይ ምልክት በቱቦው ላይ እንዲፈልግ፣ ፈትሉም በፕላስቲክ የተለበጠ እንዲሆን ነው። ያልተለበጠ ፈትል አሸዋና ጨው ወደ ውስጥ አስገብቶ ቴፍሎኑን ያስፍቃል፤ የነካውንም ሁሉ እንደ ሞረድ ይበላል። የላስቲክ ቱቦ ሲያረጅ መሰንጠቁ ከውጭ ይታያል፤ የባለ ፈትሉ ጉዳት ግን ከፈትሉ ሥር ሊደበቅ ስለሚችል ባለቤቱ በየጊዜው መፈተሽ አለበት።

በእነዚህ 14 ወራት መኪናዋ 11,000 ኪሎሜትር ያህል ተጉዛለች። ቋሚዎቹ ቱቦዎች ከመጠነኛ መጠቆር በቀር ምንም የዝገት ምልክት የለባቸውም፤ ዳዶዎቹም አላላቡም። በዘጠነኛው ወር ግን መሪውን እስከ መጨረሻው ስጠመዝዝ የግራው የፊት ቱቦ ሾክ አብዞርበሩን እየነካ ልባሱ መፋቅ መጀመሩን አገኘሁ። ሲገጠም ትንሽ ተጠማዝዞ ነበር፤ አላልቼ አቅጣጫውን ካስተካከልኩት በኋላ መፋቁ አልጨመረም። ቢሆንም ያ ቱቦ የሚቀጥለው የበረዶ ወቅት ከመግባቱ በፊት እንዲቀየር ወስኜ ተተኪውን ገዝቻለሁ።